በአንድ ሻንጣና በአንድ ፌስታል የኖረው ሊቅ፦ የፖል ኤርዶሽ የሕይወት ታሪክ



በሥራችን ምክንያት ከቤተሰቦች ጋር ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚገጥመን አንድ ክርክር አለ። ልጁ የሠራዊት አገልግሎቱን ጨርሶ ይመጣና ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ይገዛል። ወደ ህንድ ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ ሊሄድ ነው። ዕቃ ማብዛት ሰውን እንደሚያስር፣ ዕድሜውን ሙሉ ማሽካንታ ሲከፍል መኖር እንደማይፈልግ፣ ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ብቻ እንደሚበቃው ለወላጆቹ ያስረዳል። ወላጆቹ ይደነግጣሉ። እነሱ ቤታቸውንና ከብቶቻቸውን ጥለው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው በእግራቸው እስከ ሱዳን የተጓዙ ናቸው። ወይም ደግሞ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የለበሱትን ልብስ ብቻ ይዘው አውሮፕላን የተሳፈሩ ናቸው። ያለ ዕቃ መኖር ለእነሱ ደርሶባቸው ያውቃል እንጂ መርጠውት አያውቁም።

ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አንቸኩልም። ይልቁንስ ይህን ኑሮ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ የኖረውን የአንድ ሰው ታሪክ ብናጫውታችሁ ይሻላል ብለን አሰብን። ሰውየው ፖል ኤርዶሽ ይባላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን አይሁዳዊ ነው። ቤት አልነበረውም፣ ሚስትና ልጅ አልነበረውም፣ መኪና መንዳትም አያውቅም ነበር። ያለው ንብረት ሁሉ በአንድ ያረጀ ሻንጣና በአንድ ፌስታል ውስጥ ይገባ ነበር። በዚህ ሁኔታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከአገር ወደ አገር፣ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት ሲዞር ኖረ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኤርዶሽ የተወለደው ማርች 26 ቀን 1913 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ነው። አባቱ ላዮሽና እናቱ አና ሁለቱም የሂሳብ አስተማሪዎች ነበሩ። እሱ በተወለደበት ሰሞን ቤቱ የሐዘን ቤት ነበር። የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆች የነበሩት ሁለት እህቶቹ፣ በዚያን ጊዜ ሕፃናትን ይፈጅ በነበረ ስካርሌት ፊቨር በሚባል ተላላፊ በሽታ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ አባቱ በሩሲያ ጦር ተማርከው ወደ ሳይቤሪያ ተወሰዱ። የተመለሱት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለት ልጆች የቀበሩ፣ ባለቤታቸው በምርኮ ያሉባቸው እናት የቀራቸውን አንድ ልጅ እንዴት እንደሚያሳድጉ መገመት አያስቸግርም። በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ፈርተው አብዛኛውን የልጅነት ዘመኑን ቤት ውስጥ አስተማሩት። ዳቦውን ይቀቡለታል፣ ሥጋውን ይቆርጡለታል፣ የጫማውን ክር ያስሩለታል። የራሱን ጫማ ማሰር የቻለው በአሥራ አንድ ዓመቱ እንደነበር ኋላ ራሱ ይናገር ነበር። በእኛ ሙያ ዓይን ካየነው ይህ ከልክ ያለፈ ጥበቃ ነው፤ ዛሬ ቢሆን ከእናትየው ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበት ነበር። ነገር ግን የዚያን ቤት ሐዘን ላሰበ ሰው ለመፍረድ ይከብዳል።

እናቱ ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጁ የሚጫወተው ከቁጥር ጋር ነበር። በሦስት ዓመቱ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮችን በቃሉ ያባዛ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ዕድሜውን ይጠይቅና ስንት ሰከንድ እንደኖረ አስልቶ ይነግረው ነበር። አባቱም ከሳይቤሪያ ሲመለሱ፣ በምርኮ ሳሉ ብቻቸውን የተማሩትን እንግሊዝኛ ለልጃቸው አስተማሩት። አነጋገራቸውን የሚያርማቸው ሰው ስላልነበረ ልጁም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሰው ሁሉ የሚገረምበትን እንግሊዝኛ ሲናገር ኖረ። (ትልቅ ሰው ሆነው ኡልፓን የገቡ ወላጆች ያሉን እኛ ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።)

ሃንጋሪ በ1920 አይሁዳውያን ተማሪዎች በብዛት ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር። ኤርዶሽ ግን አገር አቀፍ የፈተና ውድድር ስላሸነፈ በ1930፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ገና ወጣት ሳለ ስሙን ያስጠራ ሥራ ሠራ። ልጆቻችን በዕብራይስጥ ሪሾኒ የሚሏቸውን ቁጥሮች ታውቃላችሁ፤ ለአንድና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ያሉት ናቸው። ከአንድ በላይ የሆነ ማንኛውንም ቁጥር ብትወስዱ፣ በእሱና በእጥፉ መካከል ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ እንደዚህ ያለ ቁጥር አይጠፋም። በ10 እና በ20 መካከል ለምሳሌ 11፣ 13፣ 17 እና 19 አሉ። ይህ እውነት መሆኑን ቼቢሼቭ የተባለ ሩሲያዊ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በረጅምና በከባድ መንገድ አረጋግጦት ነበር። ኤርዶሽ ግን ተማሪ ሁሉ ሊከተለው በሚችል አጭር መንገድ አሳየው፤ ሥራውም በ1932 ታተመ። ከዚያ ወዲህም ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ትርፍ ነገር የሌለበት አጭርና ንጹሕ ማስረጃ። ሃይማኖተኛ ባይሆንም ፈጣሪ ዘንድ የሁሉም ነገር ምርጥ ማስረጃ የተጻፈበት አንድ መጽሐፍ አለ እያለ ይቀልድ ነበር።

በቡዳፔስት መናፈሻ ውስጥ ስሙ ያልታወቀ የጥንት ታሪክ ጸሐፊ ሐውልት አለ። ኤርዶሽና ጓደኞቹ፣ እነ ፖል ቱራን፣ እነ ኤስተር ክላይን፣ እነ ጆርጅ ሴከሬሽ፣ አብዛኞቹ አይሁዶች፣ በዚያ ሐውልት ሥር እየተሰበሰቡ ስለ ሂሳብና ስለ ፖለቲካ ይጫወቱ ነበር። ለኤርዶሽ ሂሳብ ብቻውን በር ዘግቶ የሚሠራው ሥራ ሳይሆን ከሰው ጋር የሚጨዋወተው ነገር ሆኖ የቀረው ከዚያ ጀምሮ ይመስለናል።

በ1934 ዶክትሬቱን አገኘና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ሄደ። እዚያ በደረሰ ሰሞን ሻይ ሲጋበዝ ዳቦ ቀረበለት። በሃያ አንድ ዓመቱ ራሱ ዳቦ ቀብቶ አያውቅም ነበርና ሌሎቹን ሰርቆ እያየ ቀባ። ያን ያህል ከባድ እንዳልነበረ እየሳቀ ይናገር ነበር።

በእንግሊዝ አራት ዓመት ሲቆይ በየዓመቱ ደጋግሞ ወደ እናትና አባቱ ይመለስ ነበር። በማርች 1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ ግን መመላለሱ አደገኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሃንጋሪን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ፕሪንስተን በሚገኘው ታዋቂ የምርምር ተቋም የተሰጠው ሥራ ብዙም አልቆየም፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወር እዚህ፣ ጥቂት ወር እዚያ፣ አንዳንዴም ከወዳጅ እየተበደረ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዞር ጀመረ። ስለዚህ ወጣቶቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ይህ ሰው ኑሮውን ሲጀምረው ዕቃ ይከብዳል በሚል ፍልስፍና አልነበረም። የሚመለስበት ቤት ስለተዘጋበት ነው።

አባቱ በ1942 ቡዳፔስት ውስጥ በልብ ሕመም ሞቱ፤ ልጃቸው አልቀበራቸውም። ከዘመዶቹ ብዙዎቹ በሾዓ አለቁ። እናቱ ግን ተረፉ። ኤርዶሽ እናቱን ዳግመኛ ያየው በ1948፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ከእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እናትን ወይም አባትን ጎንደር ትቶ አሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ስላለ ይህን ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም።

ከዚያም ሌላ በር ተዘጋበት። ጊዜው አሜሪካ ኮሚኒስት ነው ብላ የጠረጠረችውን ሁሉ የምትመረምርበት ዘመን ነበር። በ1954 አምስተርዳም ለሚደረገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ጉባኤ ለመሄድ ሲነሣ ተመልሶ ለመግባት የሚያስችለውን ፈቃድ ጠየቀ። ባለሥልጣናቱ ስለ ካርል ማርክስ ያለውን አስተያየት ጠየቁት፤ ለመፍረድ በቂ ዕውቀት ባይኖረውም ትልቅ ሰው እንደነበረ እንደማይጠራጠር መለሰ። ቢፈቀድለት ሃንጋሪ ይሄድ እንደሆነ ሲጠይቁትም፣ እናቱ እዚያ ስላሉ በእርግጥ እንደሚሄድ ሳይደብቅ ነገራቸው። ቻይና ካለ አንድ የሂሳብ ሊቅ ጋር ደብዳቤ መጻጻፉም ተቆጠረበት። ፈቃዱ ተከለከለ። ወዳጆቹ እንዲቀር ለመኑት። እሱ ግን ወዴት መሄድ እንዳለበት መንግሥት እንዲወስንለት አልፈለገምና ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ።

በዚህ ጊዜ በሩን የከፈተችለት እስራኤል ነበረች። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሰጠው፣ የነዋሪነት መብትም አገኘ። አሜሪካ እንደገና ቪዛ እስከሰጠችው እስከ ኖቬምበር 1963 ድረስ ብዙውን ጊዜውን ያሳለፈው በዚህች አገር ነው፤ ኋላም ሃይፋ ወደሚገኘው ቴክኒዮን ዘወትር ይመላለስ ነበር። የሃንጋሪ ዜግነቱን ግን አልተወም። በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይም ሃንጋሪ የእስራኤል ነዋሪ ሆኖ እንደፈለገ እንዲገባና እንዲወጣ ፈቀደችለት። በዚያን ዘመን ከኮሚኒስት አገር እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኘ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ውለታ እንዳልረሳ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በ1973 ስልሳኛ ዓመቱን ለማክበር ሃንጋሪ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ተዘጋጀ። መንግሥቱ ግን ከእስራኤል የመጡ ሊቃውንትን አላስገባም አለ። ኤርዶሽ ተቆጥቶ ለሦስት ዓመት ያህል ወደ ትውልድ አገሩ አልተመለሰም።

አሁን ስለ ዕለት ኑሮው እንንገራችሁ። ኤርዶሽ አንድ ከተማ ሲደርስ የአንዱን ሂሳብ አዋቂ በር ያንኳኳል። ጥቂት ቀን ይቀመጣል። እሱና ባለቤቱ፣ ማለትም አስተናጋጁ፣ ቀንና ሌሊት አንድ ችግር ሲፈትሹ ይሰነብታሉ። አስተናጋጁ ሲደክም ኤርዶሽ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በቀን እስከ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራ ነበር። የተኛውን ሰው ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሰዋል። በሻንጣው ውስጥ ጥቂት ልብስና ወረቀት ነበር፤ ቆዳው ሌላ ጨርቅ ስለማይችል የውስጥ ልብሱ ሐር ነበር፤ ያለው ምቾት ይኸው ነው። ልብሱ ጥቂት በመሆኑ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ የሚያጥበው ግን እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እንፈልጋለን። ስለ ኤርዶሽ የሚጽፉ ሁሉ ቀላል ኑሮውን ያደንቃሉ። ግን ኑሮው ለማን ነው የቀለለው? አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ነበረ። የሚያበስል ሰው ነበረ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው፣ ትኬቱን የሚቆርጥለት፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስደው ሰው ነበረ። በኋለኛው ዘመኑ ሮናልድ ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ ወዳጁ ገንዘቡን ይይዝለት፣ ግብሩን ይከፍልለት፣ ደብዳቤውን ይቀበልለት ነበር፤ በቤቱም ለእሱ ክፍል አዘጋጅቶለት ነበር። አንድ ሰው ያለ ቤት እንዲኖር ብዙ ሰዎች ቤት ሊኖራቸው ግድ ነው። በየአገሩ ያሉ የፕሮፌሰሮች ሚስቶች በሌሊት ተነሥተው ቡና ያፈሉለት ነበር፤ ስማቸው ግን በአንድም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እንግዳ ሲሰነብት ቤት ውስጥ ሥራው በማን ላይ እንደሚወድቅ እናቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል።

ታዲያ ሰዎቹ ለምን ደጋግመው ይቀበሉት ነበር? ሲመጣ ባዶ እጁን ስላልነበረ ነው። ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በአቅሙ ልክ የሚሆን ጥያቄ ያቀብላል፤ አብሮ ይሠራል፤ ስሙን ከስሙ ጎን አድርጎ ያሳትማል። ወደ 1,500 የሚጠጉ የምርምር ጽሑፎችን ከ500 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ጽፏል። እስከ ዛሬ የሂሳብ ሰዎች የኤርዶሽ ቁጥር የሚሉት ነገር አላቸው። ከእሱ ጋር የጻፈ ሰው ቁጥሩ አንድ ነው፤ ከእሱ ጋር ከጻፈ ሰው ጋር የጻፈ ሁለት ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እኛ ሰባት ትውልድ ቆጥረን ዝምድና እንደምንፈልገው ማለት ነው።

ሕፃናትን እጅግ ይወድ ነበር፤ ሂሳብ ውስጥ ለጣም ትንሽ ነገር በሚሰጠው የግሪክ ፊደል ኤፕሲሎን እያለ ይጠራቸው ነበር። በ1959 ላዮሽ ፖሻ የተባለ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ጎበዝ ልጅ ቡዳፔስት ውስጥ እንዳለ ሰምቶ ምሳ ጋበዘው። ሾርባ እየበሉ ሳለ ጥያቄ ጣለለት። በቀላሉ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ 51 ምረጥ፤ የፈለግኸውን ብትመርጥ ከመካከላቸው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሁለት ቁጥሮች እንደማይጠፉ አሳይ። ልጁ ማንኪያውን አስቀምጦ ጥቂት አሰበና መለሰ፤ ሃምሳ አንድ ከተመረጡ ሁለቱ የግድ ተከታታይ ይሆናሉ፣ ተከታታይ ቁጥሮች ደግሞ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሞክሩት ደስ ይለናል። ፖሻ አድጎ ራሱ ታዋቂ የሂሳብ ሰውና አስተማሪ ሆነ።

ገንዘብን በተመለከተ ስለ እሱ የሚነገረው ብዙ ነው። ለንደን ውስጥ ያስተማረበትን የመጀመሪያ ወር ደመወዝ እንደተቀበለ፣ የሻይ መግዣ ለለመነው አንድ ድሃ ለራሱ የምትበቃውን ጥቂት አስቀርቶ ፖስታውን ሰጠው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት የሚከፍለው ላጣ አንድ ወጣት አንድ ሺህ ዶላር አበደረው። ወጣቱ ከዓመታት በኋላ ሊከፍል ሲነሣ፣ ኤርዶሽ ገንዘቡን እሱ እንዳደረገው እንዲያደርግበት አስታወቀው፤ ማለትም ለሌላ ተማሪ እንዲሰጠው። ከባድ ጥያቄዎችን ለሚፈታ ሰው ከራሱ ኪስ ሽልማት ይመድብ ነበር፤ ከአሥር ዶላር ጀምሮ እስከ ሺዎች ይደርሳል። አንዳንዶች ቼኩን ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በእስራኤል የሚሰጠው የዎልፍ ሽልማት በሰማንያዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ሲደርሰው ድርሻው 50,000 ዶላር ነበር። አብዛኛውን በወላጆቹ ስም እዚሁ እስራኤል ለተማሪዎች መርጃ አደረገውና ለራሱ 720 ዶላር አስቀረ።

እናቱን ግን እንደ ዕቃ ሊተዋቸው አልቻለም። በ1964፣ ሰማንያ አራት ዓመት ሲሆናቸው፣ አብረውት መጓዝ ጀመሩ፤ የመጀመሪያ ጉዟቸውም ወደ እስራኤል ነበር። አና ጉዞ አይወዱም ነበር። አብረውት የሄዱት ልጃቸውን ለማየት ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። ሰባት ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት አብረው ቁርስ እየበሉ፣ እጃቸውን ይዞ እየደገፋቸው ዞሩ። በ1971 ካናዳ ውስጥ፣ ካልጋሪ በምትባል ከተማ፣ በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። ልጃቸው እንግዳ ሆኖ የመጣበት አገር ነበርና ቤቴ ብሎ ተቀምጦ ሐዘን የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በሐዘን ተጎዳ። አንቅቶ የሚያቆይ መድኃኒት፣ አምፌታሚን የሚባለውን፣ መውሰድ ጀመረ፤ የሥራውም ሰዓት ይበልጥ ረዘመ። ወዳጁ ግራሃም ስለሰጋለት በ1979 አንድ ወር ሳይወስድ መቆየት እንደማይችል በ500 ዶላር ተወራረደው። ኤርዶሽ አሸነፈ። ገንዘቡን ተቀብሎ ግን ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ከመዋል በቀር ምንም እንዳልሠራ፣ በዚህም ሂሳብ አንድ ወር ወደ ኋላ እንደቀረ በማማረር ወደ መድኃኒቱ ተመለሰ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ ስለምናይ አያስቀንም። እናቱ ከሞቱ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ አንድ ወዳጁ ለምን እንዳዘነ ቢጠይቀው፣ እናቱ ስለናፈቁት መሆኑን ነገረው።

እስከ መጨረሻው አላረፈም። ሰማንያ ዓመት አልፎትም ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይበር ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1996 ዋርሶ ውስጥ በአንድ የሂሳብ ጉባኤ ላይ ሳለ የልብ ድካም ይዞት በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሞተ። አብረውት የጀመሩ ሰዎች ያልተጠናቀቁትን ሥራዎች እየጨረሱ ከሞተ በኋላም ለብዙ ዓመታት በስሙ ሲያሳትሙ ቆዩ።

አፅሙ ወደ ቡዳፔስት ተወስዶ በከተማዋ ትልቁ የአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበረ። እዚያ የእናቱና የአባቱ መቃብር ነበረ፤ ከእነሱ ጋር አስገቡት።